ወተት ወይስ ጭምብል

የአለቃ መኪና ሲመጣ ብቻ ካስክ የሚያደርግ ሰው የሚፈራው መኪናውን ነው እንጂ ከላዩ የሚወድቀውን ጆንያ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በብዛት አይቻለሁ። ከበላዬም አይቻለሁ፣ ከበታቼም አይቻለሁ። በጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት የመከላከያ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካስክ የምንለው የራስ ቆብ፣ ጓንቱ፣ መነጽሩ፣ ቡቱ፣ የአቧራ ጭምብሉ፣ ሁሉም በእኔ ቁልፍ ሥር ነበር። ከዚህ በታች ስለ ሌሎች ሰዎች ብዙ ክፉ ነገር እናገራለሁ። አንባቢ ያንን ሲያነብ ይህን ቁልፍ እንዳይረሳብኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጅቡቲ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ በዚህ ወደብ ላይ በወደቀበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ኩሊ ጆንያ ተሸከምኩ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት ከጓንት ካርቶን ነው። በየካርቶኑ ውስጥ በአራትና በአምስት ቋንቋ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ትኖራለች። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይጠርግባታል፤ እኔ ቤቴ ወስጄ በመዝገበ ቃላት ስፈታት አመሻለሁ። ስለዚህ ከፈረንሳይኛ መጀመሪያ ያወቅኩት የሰላምታውን ቃል አልነበረም። «ከመጠቀምዎ በፊት ቀዳዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ» የሚለውን ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ማንበብ የሚችለው ኩሊ» ተብዬ ከጆንያ ሥር ወጣሁና የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ተሰጠኝ። በጣም ኮራሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው ኩራት መጥፎ ነው፤ ሲሳሳት ጆሮውን የሚቆነጥጠው መምህር ኖሮት አያውቅምና።

ሥራው እንዲህ ነበር። መርከቡ ማዳበሪያውን እንደ አሸዋ በልቅ ያመጣዋል። መጋዘን ውስጥ ተራራ ሆኖ ይከመራል። አንዱ ቡድን በአካፋ እየዛቀ ወደ ማሽኑ አፍ ይሰዳል፣ ማሽኑ ጆንያውን ይሞላል፣ ሌላው ቡድን ይሰፋል፣ ሌላው በትከሻው ተሸክሞ ውጭ በተሰለፉት የኢትዮጵያ መኪኖች ላይ ይጭናል። አቧራው ነጭ ነው። ዐይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ላብ ላይ ሲያርፍ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በሐምሌና በነሐሴ የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር መቆም ራሱ ሥራ ነው። ሰዉ ሽርጡን አገልድሞ፣ ሻሹን አፉ ላይ አስሮ ይገባል። ሻሽ አቧራ አይከለክልም፤ ያጠራቅማል እንጂ።

የአካፋው ቡድን አለቃ አበልጄ ነበር። የድሬዳዋ ሰው ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳቻት ሚስቱ ናት፤ ስለዚህ እሱና እኔ በሥራም በቤተ ክርስቲያንም ተሳሰርን። ሚስቱ የጅቡቲን ሙቀት አልቻለችውም፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። እሱ አምቡሊ፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ቀረ። ሰውነቱ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ ነበር። አካፋ ሲይዝ ይዘፍናል፣ ቡድኑም በዘፈኑ ልክ ይዝቃል። የማልወድለት ነገር ሁሉን በቀልድ ማለፉን ነበር። እኔ የማልቀልድ ሰው ነኝ፤ ቀልደኛ ሰው ሳይ የሆነ ነገር የሚሸሽ ይመስለኛል።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ በመጋዘኑ አንድ ልማድ ነበር። አቧራ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ በየቀኑ ግማሽ ሊትር የካርቶን ወተት ይሰጠዋል። ወተት አቧራን ከሳንባ ያጥባል ይባላል። ይህን እምነት በአገራችን በሲሚንቶ ሥራም፣ በቀለም ሥራም አይቼዋለሁ። ትልልቅ ሰዎች፣ ጢም ያበቀሉ ሰዎች፣ ቀኑን ሙሉ ነጭ አቧራ ሲምጉ ውለው ነጭ ወተት ይጠጡና «ወረደልኝ» ይላሉ። ወዴት ነው የወረደው? ወተት የሚሄደው ሆድ ነው። ሆድና ሳንባ በር አይጋሩም። በግ ያረደ ሰው ሁሉ ይህን በዐይኑ አይቷል። በየፋሲካው በግ እየገፈፈ፣ ሳንባውን ለብቻ ጨጓራውን ለብቻ እያወጣ፣ በማግስቱ ወተት ሳንባ ያጥባል የሚል ሰው ያየውን ነገር አላየም ማለት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ጆንያ በምሸከምበት ጊዜ እኔም ጠጥቼዋለሁ። አምኜ ነው የጠጣሁት፤ «ወረደልኝ» ብያለሁም።

ጭምብል የመጣው ልጄ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። ያመጣው ርኅራኄ አይደለም። የኢንሹራንስ ሰዎች ሠራተኛው መሸፈኑን ካላየን አንፈርምም ስላሉ ነው። ሃያ ካርቶን ጭምብል ገባ። ወረቀቱን አንብቤ ጨረስኩት። ጥሩ ጭምብል ነበር፤ አፍንጫ ላይ የሚታጠፍ ሽቦ ያለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ። በዚያ ቀን ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ ሄሮን በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ የባሕር ነፋስ በመስኮት በሚገባበት ቤት የሚኖር ሰው ነበር። ወደ መጋዘን ሲመጣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከበሩ አያልፍም። ስለ አቧራ የሚያውቀው ከመሐረቡ ነው።

«ወተቱ የሚሰጠው ለምንድን ነው?» አለኝ።

«ለአቧራው ነው ሼፍ።»

«ጭምብል በትክክል ያደረገ ሰው አቧራ ይገባበታል?»

ወረቀቱን ማንበቤን ላሳየው ፈለግኩ። «በትክክል ካደረገው አይገባበትም» አልኩ።

«እንግዲያው ወተት አያስፈልገውም። ምርጫ ስጣቸው። ወይ ይሄ፣ ወይ ያ። በዓመት አንድ ጊዜ ይፈርሙ።»

በእኔ እውነት ሰዎቹን አሰራቸው። ጨካኝ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ገመዱን ከአንተው አፍ ነው የሚገምደው። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ ሼፍ» አልኩ። ወደ ክፍሌ ሄጄ መዝገብ ከፈትኩ። ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ አንዱን ወተት፣ አንዱን ጭምብል ብዬ ጻፍኩ። በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት። መስመሩ በጣም ቀጥ ያለ ነበር።

ሰዎቹን ሰበሰብኳቸው። አርባ ያህል ነበሩ፤ ሶማሌ፣ አፋር፣ የእኛ ሰዎች። በሦስት ቋንቋ እየተንተባተብኩ ሰበክሁ።

«ወንድሞቼ፣ ወተት ሳንባ አይገባም። ሆድ ነው የሚገባው። ጭምብሉን ምረጡ።»

«አንተ ሐኪም ነህ?» አለኝ ከኋላ አንዱ።

«በግ አርደህ አታውቅም? ሳንባውና ሆዱ ይገናኛል?»

«ያረድኩት በግ ማዳበሪያ አልዛቀማ!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሶማሌ ጭምብሉን አንስቶ ገለባበጠው። «ዋርያ፣ ይሄ ይጠጣል? ለልጅ ይሰጣል?» አለ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ መሰለኝ፤ ናቅሁት። አሁን ሳስበው ከስብከቴ ሁሉ የእሱ ጥያቄ ይሻል ነበር። ወተቱን አብዛኞቹ አይጠጡትም ነበር። ቤታቸው ይወስዱታል። ሙስሊሞቹ በረመዳን ለማፍጠሪያ ያደርጉታል። ሥራ አስኪያጁ ያቀረበላቸው ምርጫ በሳንባቸውና በልጃቸው ቁርስ መካከል ነበር።

ጭምብል የመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሽማግሌ አፋር። ደስ ብሎኝ ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲሆን ምክንያቱን በጉባኤ ፊት ጠየቅኩት። «ከካርቶን የሚወጣ ነገር ወተት አይደለም። ወተት የግመል ነው» አለኝ። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ከእኔ ፈጥኖ ይራመዳል።

አበልጄ ወተት በሚለው ዓምድ ሥር ፈረመ።

አበልጄ ወተት መድኃኒት ነው ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። ግን ጾመኛ ነው። የእኛ ሰው ረቡዕና ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን፣ ነቢያቱን ሲደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከወተት ይርቃል። እንግዲህ ይህን አስቡት። ወተት ያድነኛል ብሎ ጭምብል የተወ ሰው፣ በዓመቱ ግማሽ ወተቱንም አይጠጣም። ያለ ጭምብል ይዝቃል፣ ያለ ወተት ይገባል። እንዲህ ያለውን ሒሳብ በሌላ ሕዝብ ዘንድ አላየሁም።

በመጀመሪያው ሁዳዴ ሊፈርምና ወተቱን ሊቀበል ሲመጣ ያዝኩት።

«ዛሬ ይሄን ትጠጣለህ?»

«ምን ነካህ አበልጅ? ሁዳዴ አይደል እንዴ?»

«ጭምብልም የለህም።»

«የለኝም።»

«ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ አቧራውን በምን ልታወርደው ነው?»

«በስግደት» አለና ሳቀ። ሳቁ በሳል ተቋረጠ።

«እስከ ፋሲካ እንኳ ጭምብል ውሰድ።»

«ከወሰድኩ ከወተቱ ዓምድ ትሰርዘኛለህ?»

«እሰርዝሃለሁ። ደንቡ ነው።»

«ከፋሲካ በኋላስ ትመልሰኛለህ?»

«ምርጫው በዓመት አንዴ ነው።»

«እንግዲያው ተወኝ» አለና የወተቱን ካርቶን ወደ እኔ ገፋው። «ይሄን ለልጃችን ስጣት። እሷ ገና አልደረሰችም፤ ጾም የለባትም።»

ተቀበልኩ። እምቢ አላልኩም። በዚያ ዓመት ብቻም አይደለም። በየሁዳዴው፣ በየፍልሰታው፣ በየረቡዑና በየዓርቡ የአበልጄ ወተት በእኔ እጅ ወደ እኔ ቤት ይገባ ነበር። ሚስቴ ታፈላዋለች፣ ልጄ ትጠጣዋለች። ልጄ በዚህ አገር ሙቀት ሳትታመም፣ ጥርሷ ሳይበላሽ አደገች። ስለዚህ ወተት ሳንባ አይገባም እያልኩ የሰበክሁት እኔ፣ አበልጄ ከወተቱ ዓምድ እንዳይወጣ የምፈልግበት ምክንያት ነበረኝ። ፈልጌ ነበር አልልም። ምክንያቱ ግን በየሳምንቱ እጄ ላይ ነበር።

በአንድ ሁዳዴ፣ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የኢንሹራንሱ ሰዎች ሊጎበኙ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ከጠዋት ጀምሮ ይሯሯጥ ነበር። «ሁሉም ይልበሱ!» አለ። ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። ለአርባው ሰው ካስክ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ጭምብል አደልኩ። ለሰርግ ፎቶ የተሰለፉ ሚዜዎች መሰሉ። ካስኩ ለራሱ የጠበበው፣ መነጽሩን ገልብጦ ያደረገው፣ በጓንቱ ላብ የሚጠርገው፣ ሁሉም ዓይነት ነበር። እንግዶቹ በአሥር ደቂቃ አይተው ይሄዳሉ ብለን ነበር፤ መንገድ ላይ ዘገዩና የመጡት እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ግማሽ ቀን ሙሉ በጭምብል ሠሩ። በመጋዘኑ ታሪክ የመጀመሪያው ንጹሕ ግማሽ ቀን ነበር፤ እሱም የመጣው በሹፌር መዘግየት ነው።

እንግዶቹ ፈርመው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ «ሰብስብ» አለኝና ወደ ምሳው ሄደ። በሩ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እቀበል ጀመር። አበልጄ መጨረሻ ላይ መጣ። ጭምብሉን አላወለቀም። ዐይኑ ከላይ ይስቃል።

«አበልጅ፣ ዛሬ እኮ አልሳልኩም» አለኝ።

«ነግሬህ አልነበር?»

«ነግረኸኛል። አንተ የማትነግረው ነገር አለ እንዴ? በል ይቺን ተውልኝ። እስከ ፋሲካ።»

«ቁጥሩ ይጎድላል።»

«አንድ ጭምብል?»

«ለአንተ ከተውኩ ለሁሉም መተው አለብኝ።»

«ተውላቸዋ!»

«ደንቡ አይፈቅድም። አንተ የፈረምከው ወተት ላይ ነው።»

ፊቴን ትንሽ አየው። ከዚያ ጭምብሉን አወለቀ፣ የውስጡን ላብ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እጄ ላይ አስቀመጠው። «እንካ። ለፈረንጆቹ አስቀምጥላቸው» አለኝ።

አስቀመጥኩላቸው። ወረቀቱ ጭምብሉ ከአንድ ቀን በላይ አያገለግልም ይላል። አንብቤዋለሁ። ቢሆንም አርባውንም አራግፌ፣ ደርድሬ፣ ለሚቀጥለው ጉብኝት ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ። ማታ ስወጣ በአንድ እጄ ቁልፉን፣ በሌላው እጄ የአበልጄን ወተት ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አመሰገነኝ። «የእሱ ቁምሳጥን ሁልጊዜ ሙሉ ነው» አለ። ለብዙ ዓመት ይህንን ምስጋና እንደ ሜዳይ አንጠልጥዬው ዞርኩ። ሙሉ የጭምብል ቁምሳጥን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እኔ ግን ማስመሪያ ይዤ ነበር።

የአበልጄ ዘፈን መቼ እንደቆመ አላስታውስም። የሚቆም ነገር ሲቆም አይሰማም። አንድ ቀን ቡድኑ በዝምታ ሲዝቅ አየሁና «ምነው?» አልኩ። «ትንፋሼን ለአካፋው አስቀምጫለሁ» አለኝ። ከዚያ አካፋውንም በየአምስት ደቂቃው እየተደገፈ ይቆም ጀመር። ከዚያ ከበሩ እስከ ማሽኑ ሲሄድ መሐል ላይ ያርፋል። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ሐኪሙ ደረቱን ሲያዳምጥ ቆየ። ፎቶ አነሳው። ውጤቱ ለዚህ ሥራ አይበቃም የሚል ነበር።

የነገሩ መቁረጫ እዚህ ላይ ነበር። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ድርጅቱ ሊያሳክመውና ከአቧራ ውጭ ሥራ ሊሰጠው ግዴታ አለበት። መከላከያ ቀርቦለት እምቢ ያለ ከሆነ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ያንን ሳንባ ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፣ የአራት ልጆች አባት ሆኖ።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «እሑድ ጠዋት የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትሄዳለህ። መዝገብህን ይዘህ። አሥር ዓመት በየዓመቱ ወተት ብሎ ፈርሟል፣ ጭምብል ቀርቦለት ትቷል። ያለውን ተናገር፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አለኝ። እንድዋሽ አልጠየቀኝም። ይህ ነው የሚያቃጥለው። እውነቱን ሠርቶ ያስቀመጠለት ሰው እኔ ነኝ፤ እሱ ማንሳት ብቻ ነበረበት።

ዓርብ ከሰዓት አምቡሊ ሄድኩ። አበልጄ በሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ተኝቶ መተንፈስ ስለማይችል ተቀምጦ ነው የሚያድረው። እኔን ሲያይ ሊነሳ ሞከረ፤ ተወው።

«መዝገቡን ይዘህ ልትሄድ ነው አሉ» አለኝ።

«እሑድ።»

«የሚጠይቁህን መልስ። ፊርማው የኔ ነው።» ተነፈሰ። «እኔ አላነበብኩም አልልም።»

«ስለ ደንቡ ልነግራቸው እችላለሁ…»

«ተው አበልጅ።» እንደገና ተነፈሰ፣ ደግሞም ፈገግ አለ። «አንዲት ጭምብል ያላጎደልክ ሰው፣ መዝገብ ልታጎድል?»

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ። ከዚህ የባሰ አልሰማሁም። ቀልድ ነበር፤ እውነትም ነበር።

ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የምለውን በፈረንሳይኛ ጽፌ መሄድ ፈለግኩ፤ በአፌ ስናገር እንደማፍር አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን እንደ ምርጫ እንዳቀረባቸው፣ ወተቱ የልጆች ምግብ እንደነበር፣ ጭምብሎቹ ለጎብኚ ሲባል ብቻ ይወጡ እንደነበር ጻፍኩ። የልጄ የትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ከእኔ ይበልጣል። አንብቢልኝ አልኳት። ቆማ አነበበች፣ ሁለት ቦታ አረመች፣ ከዚያ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አባዬ፣ ጭምብሎቹ ይቆለፍባቸው ነበር ይላል።»

«አዎ።»

«ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

«ሥራ አስኪያጁ ነው ያዘዘው።»

«እሱንማ ጽፈሃል። ቁልፉ ማን ጋ ነበር?»

ይህችን ልጅ ግማሽ እውነት ተናገርሽ ብዬ ገርፌአታለሁ። ብርጭቆው ተሰበረ ስትል «ማን ሰበረው?» እያልኩ በሩ ላይ አቁሜአት አውቃለሁ። አሁን እኔ እቆምበት በነበረው ቦታ ቆማ እሷ ጠየቀችኝ፤ በክፋትም አይደለም፣ ያስተማርኳትን ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ከሥር ጨመርኩበት። ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር። ሰውዬው አንድ ጭምብል ለምኖኝ ከልክዬዋለሁ። ጭምብሉ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር።

ስለ ወተቱ ግን አልነገርኳትም። የማንን ወተት ጠጥታ እንዳደገች እስካሁን አታውቅም። ይህን ስታነብ ታውቃለች።

በጅቡቲ እሑድ የሥራ ቀን ነው። ቅዳሴ ትቼ ሄድኩ። ኢንስፔክተሯ ወጣት ሴት ነበረች። መዝገቡን ገልጣ ዓምዶቹን አየች። ከእኔ ጎን የድርጅቱ ጠበቃ ተቀምጧል፤ አበልጄ ማዶ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።

«ጽሑፉ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ምርጫ ተሰጥቶት ነበር?»

ወረቀቴን አቀበልኳት። ረጅም ጊዜ አነበበች። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። እሷ ቀና ብላ የጠየቀችኝ ስለ ሥራ አስኪያጁ አልነበረም።

«ጭምብሉን ሲለምንህ ለምን ከለከልከው?»

«ቁጥሩ እንዳይጎድል» አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ አንስታ ያልኩትን እንዳለ ጻፈችው።

ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ተብሎ ተወሰነ። አበልጄ ሕክምና ተፈቀደለት፣ የመጋዘኑ ግቢ በር ላይ በጥላ ሥር ወንበር ተሰጠው። የተቃጠለ ሳንባ ግን በውሳኔ አይመለስም። እኔን አላባረሩኝም፤ ቁልፉን ወስደው ወደ መጋዘኑ ውስጥ መለሱኝ፣ ጆንያ እንድቆጥር። ቁጥር ከወደድክ ቁጠር እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሰው ወተቱንም ጭምብሉንም በአንድ ላይ ይቀበላል። ሥራ አስኪያጁ በሦስት ቋንቋ፣ በሥዕል፣ የበሩን ቁመት የሚያህል ሰሌዳ አሰቀለና አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሳ። «የሠራተኛ ደኅንነት ድሮም ቅድሚያችን ነው» ይላል። ድሮም! አጠገቡ አለመቆሜ ጥሩ ሆነ። ሠራተኞቹስ? የመሰከርኩላቸው ሰዎች ጭምብሉን እንደ ፍየል ቃጭል አገጫቸው ሥር ያንጠለጥሉታል። አንዳንዱ ግንባሩ ላይ ያደርገዋል። ጫት ከሚደርስበት ከቀኑ ሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም አያደርገውም፤ ጉንጭ ሞልቶ ጭምብል አይገጥምም። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ በትክክል፣ ሽቦውን አፍንጫዬ ላይ ቆንጥጬ አደርገዋለሁ። ይስቁብኛል። «ሐጂ፣ ዛሬ እንግዳ ይመጣል እንዴ?» ይሉኛል፤ በዕድሜ የገፋውን ሁሉ ሐጂ ነው የሚሉት። ይሳቁ።

እኔም እንደ አቧራ ሠራተኛ አሁን በየቀኑ ወተት ይደርሰኛል። በአንድ የሁዳዴ ረቡዕ ካርቶኑን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። አበልጄ ወንበሩ ላይ ነበር። ጭምብሌን አላወለቅኩም።

«ማነው ይሄ? ሌባ መሰለኝ» አለኝ፤ በየሁለት ቃሉ እያረፈ።

«እንካ ጠጣ።»

«ሁዳዴ ነው።»

«የንስሐ አባትህ ጾሙን እንደፈቱልህ ሰምቻለሁ።»

ካርቶኑን ገለባብጦ አየው። «ወተት ሳንባ አይገባም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«አይገባም» አልኩት። «ጠጣው።»

ጠጣው። አንድ ጉንጭ ከጠጣ በኋላ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ትንፋሹን ይለቅማል፣ እንደገና ያነሳዋል። ግማሽ ሊትር ለመጨረስ ሦስት መኪና ተጭኖ እስኪወጣ ድረስ ፈጀ። ቆሜ ጠበቅኩት። ሲጨርስ ሳላስበው፣ በአሥራ ሦስት ዓመት ልማድ፣ ባዶውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

አየኝ። ካርቶኑን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለኝ።

ተውኩለት።